ቀይ ነጥብ ከእማዬ ጓዳ

ይህን ገጠመኝ በአፍ ላወራው ስሞክር መሃሉ ላይ ሳልደርስ ሳቄ ይቀድመኛል፤ ሰሚውም ምን እንዳሳቀኝ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ቁጭ ብያለሁ። እየጻፍኩ ብስቅ እናንተ አትሰሙኝም።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ማስተዋል እባላለሁ፣ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ታላቅ ወንድሜ እንየው ከተማው መሃል የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አለው። ሠርግ ይቀርጻል፣ ክርስትና ይቀርጻል፣ ጥር ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ደግሞ ካሜራውን አንግቶ ከፈረሶቹ ጋር ሲሯሯጥ ይከርማል። እኔ እሱ ዘንድ ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ አልበም አዘጋጃለሁ፣ ፕሪንተሩ ሲያኮርፍ አባብላለሁ።

የእንየው ራስ ምታት ቪዲዮ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነበር። አንድ ሠርግ ብቻ የሚበላው ቦታ ብዙ ነው፤ በጥር ደግሞ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ሃርድ ዲስኮቹ በየመሳቢያው ተበትነው ሙሽራና ሙሽራ እስኪቀላቀል ድረስ ተቸግረን ነበር። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፈታሁ፣ ዲስኮቹን ውስጡ ደረደርኩ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ የሚይዝ ሰርቨር ሠራሁለት። ስቱዲዮው ጠባብ ነው፣ ሌባም ያሰጋል፤ ስለዚህ ሰርቨሩን እናታችን ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከጤፍ ጎታው አጠገብ አስቀመጥነው። ቤቱ ጣሪያ ላይ በረዥም ቀርከሃ ጫፍ አንቴና አሰርን፤ ስቱዲዮው ጣሪያ ላይም እንዲሁ። ሁለቱ ቀርከሃዎች ከሰው ጣሪያ በላይ እየተያዩ ይነጋገራሉ፤ እኔ ስቱዲዮ ቁጭ ብዬ ጓዳ ያለውን ቪዲዮ እከፍታለሁ።

ሰርቨሩ ቀን ከሌት ዝግ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል። እንየው ይህን ሰምቶ "መሪጌታ" የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ሲመጣ አንቱታውም አብሮ መጣ። መሪጌታ ዛሬ ደክሟቸዋል፣ መሪጌታ መብራት ሄዶባቸዋል እንላለን። እማዬ እንኳ ጓዳ ስትገባ ከፊታቸው ዕቃ ስታነሳ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ችግሩ መሪጌታ ጓዳ፣ እኛ ስቱዲዮ መሆናችን ነበር። ቢታመሙ የምናውቀው ከሞቱ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ከኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ፣ ሰዓቱና የባትሪው ምልክት በሚታዩበት የላይኛው መስመር የምትቀመጥ አንዲት ነጥብ ናት። አረንጓዴ ከሆነች መሪጌታ ደህና ናቸው። ቢጫ ከሆነች አንድ ነገር እያስቸገራቸው ነው። ቀይ ከሆነች የያዝሽውን ጥለሽ ሩጪ ማለት ነው። ነጥቧን ሲጫኗት ዝርዝሩ ይወርዳል፤ የእያንዳንዱ ዲስክ ሙቀት፣ የቀረው ባዶ ቦታ፣ የማራገቢያው ፍጥነት፣ ከታች ደግሞ የቀኑን ሙቀት የምታሳይ አንዲት ቀጭን መስመር።

ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴ ሆና ስትበራ የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። እንየው መጣ፣ አየ፣ "ነጥብ ናት" አለና ሄደ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቀና እያልኩ ሳያት ዋልኩ። ፍቅር ይዞኝ ነበር፣ ምን አደርጋለሁ።

ነገር ግን በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አገኘችልኝ። አንድ ቢሮ ውስጥ ስልክ እያነሱ "እንደምን ዋሉ፣ ምን እንርዳዎት" ማለት ነው። ጥር ሲያልቅ እጀምራለሁ ተባለ። ሻንጣዬ ግማሽ ተሞልቶ አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። መሄድ አልፈለግኩም። ብርዱንም፣ ቀርከሃውንም፣ መሪጌታንም እወዳቸዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰው ድምፅ ይልቅ ከነጥቤ ጋር መዋል ይሻለኛል። እንየው ደጋግሜ ስነጫነጭበት አንድ ነገር አለኝ፤ ከእኔ ሌላ ይህችን ነጥብ ሊገዛ የሚፈልግ አንድ ሰው ካገኘሁ እቀራለሁ፣ ሥራዬ እሷ ትሆናለች፤ ካልተገኘ ግን እሄዳለሁ። ሰውየውን ያገኘውም ራሱ ነው። አቶ ስማቸው ይባላሉ፤ ዳንግላ ላይ ትልቅ ስቱዲዮ፣ ጫግኒ ላይ ሌላ አላቸው። እሳቸውም እንደኛ ቪዲዮዎቻቸውን ቤታቸው ባለ ሰርቨር ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ጊዜ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ሞቶባቸው የግምጃ ቤት ከተማ ሙሽራ ሠርግ እንዳለ ጠፍቷል። የሙሽራይቱ ዘመዶች እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩባቸዋል አሉ።

እማዬ ስለ መሄዴ አንድም ቃል አልተናገረችም። "የሚሻልሽን አድርጊ" አለች፣ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ትንሽ እንኳ አትሂጂ ብትለኝ ምን ነበረበት እያልኩ አኩርፌ ነበር።

አቶ ስማቸው ነጥቤን ሊያዩ ሊመጡ ቀናት ሲቀሩ ታመመችብኝ። የሙቀቱ መስመር እንግዳ ጠባይ አመጣ። የመሪጌታ ሙቀት ከወትሮው ከፍ ብሎ ይቆይና፣ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ፣ አመሻሽ ላይ አንድ ጊዜ ድንገት ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተመልሶ ይወጣል። በማግስቱም እንደዚያው። እንጅባራን በጥር የሚያውቅ ያውቃል፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። በዚያ ብርድ ጓዳ ውስጥ ያለ ዕቃ በምን ምክንያት ይሞቃል? ደግሞስ ማን በሰዓቱ ያበርደዋል? ኮዴን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሙቀት የምትለካውን ክፍል አፍርሼ እንደገና ጻፍኩ። መስመሯ ግን ያንኑ ጉድጓድ በዚያው ሰዓት ትቆፍራለች። እንየው መሪጌታ ጸሎታቸውን በሰዓቱ እያደረሱ ነው ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ሳቅም አልመጣልኝ።

ጓዳ ገብቼ እንዳላይ እማዬ በሩን ዘግታዋለች። ድፍድፍ ደፍድፌያለሁ፣ ለመሄጃሽ የሚሆን ጠላ ነው፣ በር ከተከፈተ ብርድ ይገባበታል አለችኝ። ለእኔው መሸኛ የተጠነሰሰ ጠላ ላበላሽ አልፈለግኩም። ደግሞም ጥፋቱ የኮዱ ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ጓዳ ውስጥ ምን አደርጋለሁ?

አቶ ስማቸው የመጡበት ቀን ውርጩ ከሁሉም ቀን የባሰ ነበር። ከዳንግላ በሚኒባስ መጥተው ስቱዲዮው በር ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ይጨሳል። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ አቃሰተ። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጠርገው፣ አጥልቀው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"ይችው ናት?" አሉኝ።

"ይችው ናት" አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አረንጓዴ ናት፤ ልቤ ግን ቀይ ሆናለች። ዝርዝሩን ከፍቼ አስረዳሁ። እሳቸው ሁሉንም ከሰሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ እውነት መናገሯን በምን አውቃለሁ አሉ። ዲስካቸው የሞተ ዕለትም ሳጥኑ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ እንደነበረች ነገሩኝ።

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ነጥቧ ቢጫ ሆነች።

እንየው አሳለ። ማሳል ሲጀምር ችግር መኖሩ ገባኝ፤ ጉንፋን የለበትም። ቁጥሩን አየሁ፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው። የመስመሯ ጫፍ ቀና ብላ ታመለክታለች። አቶ ስማቸው ፈገግ አሉ፤ ታዲያ አሁን ምን አለች አሉኝ። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ቁጥሩ አሁንም ይወጣል። የትናንቱ ሠርግ በዚያው ሰዓት ወደ መሪጌታ እየተገለበጠ ነበር፤ ከሩቅ ላጠፋቸው እችል ነበር፣ ግን መሃል ላይ ባቋርጠው ያ ሠርግ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ።

ነጥቧ ቀይ ሆነች።

ከጻፍኳት ጀምሮ ቀይ ሆና አይቻት አላውቅም። እንዲያውም ቀዩ ቀለም ማማሩን ያየሁት ያኔ ነው። እንየው ወንበሬ አጠገብ ተጠግቶ ጆሮዬ ሥር "ማሳያውን ተጫኚው" አለኝ። ማሳያ የምንለው ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ፕሮግራሙን ለሰው ለማሳየት የሠራሁት ነገር ነው፤ ሲጫኑት ነጥቧ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ቁጥሮቹም ሁሉ ደህና ይሆናሉ፣ ሁሉም ግን የውሸት ነው። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር። እጫንና አረንጓዴ ትሆናለች፣ አቶ ስማቸው ይወስዷታል፣ እኔም እንጅባራ እቀራለሁ።

እጄ ማውሱ ላይ ነው። ሁለት ነገር ታየኝ። ነጥቧ ከተሳሳተች ኮዴ አይረባም፣ ስልክ ማንሳት እሄዳለሁ። ነጥቧ ልክ ከሆነች ደግሞ የጥር ሙሽሮች በሙሉ ጓዳ ውስጥ እየተቃጠሉ ነው። ለቀናት ትዋሻለች እያልኩ ስከሳት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ አመንኳት።

"ጋሽ ስማቸው" አልኳቸው፣ "ይህች ነጥብ የምትዋሽ አይመስለኝም። ቤት መሄድ አለብኝ።"

ሰውየው ከወንበሩ ተነሱ፤ ወንበሩ እፎይ አለ። "እኔም አለሁበት" አሉ።

ላፕቶፔን እንደተከፈተ ታቅፌ ወጣሁ። ባጃጅ አስቆምን። አቶ ስማቸው ከኋላ ወንበር የሁለት ሰው ቦታ ያዙ፤ እኔ በቀረችው ጥግ ተጣበቅኩ፤ እንየው ካሜራውን አንግቶ ከሹፌሩ ጎን ተለጠፈ። ከስቱዲዮው ራቅ እንዳልን አንቴናው ተቋረጠና ነጥቧ ግራጫ ሆነች። ግራጫ ማለት አላውቅም ማለት ነው። ከቀይ የባሰ ቀለም መኖሩን ያወቅኩት እዚያ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ማን ታሞ ነው ብሎ ጠየቀ። እንየው ደንግጦ ስለነበር ያለውን አለ፤ መሪጌታ ትኩሳት ይዟቸዋል አለው። ሹፌሩ አማተበና ነዳጁን ረገጠ።

ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ ጋ ስንደርስ መንገዱ በፈረስ ተሞልቷል። በዓሉ ደርሷል፤ ፈረሰኞቹ ልምምድ ላይ ናቸው። ከዳር እስከ ዳር ፈረስ ነው፤ ያሸበረቀ፣ ቃጭሉ የሚንሿሿ፣ ላቡ የሚጨስ። ባጃጁ ቆመ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ፤ አንድ ፈረስ ዞሮ ባጃጁ ውስጥ አየና አናፋ። እኔ ማልቀስ ልጀምር ነው። ዞር ስል ወንድሜ፣ ዓመት ሙሉ የደከመበት ሁሉ እየነደደ ያለው ወንድሜ፣ ካሜራውን አውጥቶ ፈረሶቹን ይቀርጻል።

"ምን ላድርግ፣ ብርሃኑ አማረ" አለኝ።

አቶ ስማቸው ወረዱ። ከፊት ያለው ፈረሰኛ ሠርግ ላይ የሚያውቃቸው ሰው ኖሮ ከፈረሱ ጎንበስ ብሎ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ሰውየው ግን ጅራፉን ከፍ ሲያደርግ ፈረሶቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ በዚያ ብቻ አላበቃም፣ እሱና ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ሆነው አጀቡን። አስቡት፤ አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ በጋላቢ ፈረሶች መሃል፣ ቃጭሉ ሲንሿሿ፣ አቶ ስማቸው አንድ እጃቸውን አውጥተው እንደ ሙሽራ ሰላምታ ሲሰጡ። እንየው ደግሞ ይህንንም እየቀረጸ ነው። ፈርቼም መሳቅ ጀመርኩ፤ ማቆም አቃተኝ።

እማዬ የፈረሱን ድምፅ ሰምታ በር ላይ ወጥታ ነበር። ከባጃጅ ዘልዬ ወርጄ ወደ ጓዳ ስሮጥ ቀድማኝ ደረሰችና በሩ ላይ ቆመች። እጇን ግራና ቀኝ መቃኑ ላይ ዘረጋች።

"ድፍድፉ" አለች።

"እማዬ፣ መሪጌታ ሊቃጠሉ ነው።"

ፊቷ ተለወጠ። ወደ ኋላዋ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከኋላዬ የቆሙትን ግዙፍ ሰውዬ አየች። ከዚያ በቀስታ እጇን አወረደች። "እሽ፣ ግን ዝግ ብላችሁ ግቡ፣ ልጀ፤ እንዳታስደነግጧቸው" አለች።

ድፍድፍ የሚባል ነገር የለም። መሪጌታ ቆመዋል፤ ግን አይታዩም። መጀመሪያ ጋቢ ተጠቅልለዋል፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ደግሞ ስፈልገው የሰነበትኩት የራሴ ሹራብ። ማራገቢያቸው አየር የሚስብበትና የሚያስወጣበት ሁሉ ተሸፍኗል፤ ድምፃቸው ታፍኖ ያቃስታል። አናታቸው ላይ ጭድ የተነጠፈበት የቀርከሃ ቅርጫት አለ። ቅርጫቱ ውስጥ እንቁላል። ከእንቁላሎቹ መካከል አንዱ "ጪው" አለ።

ላፕቶፑ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር ተገናኘና ነጥቧ እንደገና በራች። ቀይ። ሙቀቱ ስቱዲዮ ከነበረውም አልፏል። ብርድ ልብሱን ልገፈው እጄን ስሰነዝር እማዬ እጄን ያዘችኝ። ይህን ያህል ጉልበት እንዳላት አላውቅም ነበር።

"ተይ፣ ብርዱ ይገላቸዋል። ዛሬ እኮ ነው የሚወጡት።"

"እማዬ፣ የሰው ሠርግ ነው እዚህ ውስጥ ያለው።"

"እነዚህስ ነፍስ አይደሉ?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከላይ ጫጩት፣ ከታች ሙሽራ። እንየው ሠርጎቹን እያሰበ ገርጥቷል። አቶ ስማቸው መነጽራቸው ጉም ለብሶ በር ላይ ቆመዋል። የባጃጁ ሹፌር ቆቡን አውልቆ የታመሙትን መሪጌታ በዓይኑ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሰርቨሩን በደንብ የማውቀው ሰው ስለሆንኩ ድንገት ልቤ ረጋ። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ የት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ። እማዬን ጋቢውን ሰብስባ ቅርጫቱን ብቻ እንድትሸፍንበት ነገርኳት። ከፊትና ከኋላ ያለውን ብርድ ልብስ ገፈፍኩ፣ ሹራቤንም ወሰድኩ፣ የሳጥኑን የላይ ክዳን ግን አልነካሁም። የታፈነው ማራገቢያ ትልቅ ትንፋሽ አወጣ፤ የሞቀ አየር ፊቴን መታኝ። ቅርጫቱ ግን በሞቀው ክዳን ላይ እንዳለ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ላፕቶፑን ጎታው ላይ አስቀመጥኩትና ሁላችንም ዙሪያውን ቆምን። አምስት ጎልማሳ ሰው ጠባብ ጓዳ ውስጥ ተጨናንቆ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ያያል። ቁጥሩ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ዲግሪ ወረደ። እንየው እጄን ጨበጠኝ።

አቶ ስማቸው ወደ ቅርጫቱ ዞረው እማዬን ማነጋገር ጀመሩ። "እትየ፣ እናታቸው የት ሄደች?" አሏት።

ሸለምጥማጥ በላት አለች። ዶሮዋ ታቅፋ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ነው የተበላችው። እማዬ እንቁላሎቹን ለመጣል ሆዷ አልቻለም፤ የመሪጌታን አናት በእጇ ስትነካው የታቀፈች ዶሮ ሆድ የሚመስል ሙቀት አገኘች። ቀን በቀን እየገባች፣ እንቁላሉን በዓይኗ ቆብ ላይ እያስነካች ሙቀቱን ስትለካ፣ ዶሮ እንደምታደርገው ስታገላብጣቸው ሰነበተች። ዛሬ ግን ውርጩ ስለከፋ፣ እንቁላሎቹም መሰንጠቅ ስለጀመሩ፣ ያላትን ልብስ ሁሉ ደረበችላቸው። የእኔን ስልክ ያላነሳችው ጥሪው ጫጩቶቹን ያስደነግጣል ብላ ድምፁን ስላጠፋችው ነው።

"መቼ መቼ ነው የሚያገላብጧቸው?" አሉ አቶ ስማቸው።

"ጧት፣ ቀትር ላይና ጀንበር ስታዘቀዝቅ።"

እኔ ጮህኩ መሰለኝ። ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ የሙቀቱን መስመር ከፈትኩ። ይኸውላችሁ፤ ጧት ላይ ጉድጓድ፣ ቀትር ላይ ጉድጓድ፣ አመሻሽ ላይ ጉድጓድ። እማዬ ጋቢውን በገለጠች ቁጥር መሪጌታ ይበርዳቸዋል፣ ነጥቤም ታየዋለች። ለቀናት ስህተት ነው ብዬ እንቅልፍ ያጣሁበት የእናቴ እጅ ነበር። አንዲትም ጊዜ አልተሳሳተችም፤ ነጥቧም እናቴም።

አቶ ስማቸው መስመሯን በጣታቸው እየተከተሉ አዩ። ከዚያ ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሳ። ካፖርታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጎታው ይንቀጠቀጣል። "ይችማ ነጥብ አይደለችም" አሉ፣ "ይችማ ጎረቤት ናት። በየቤቱ የተደረገውን ሁሉ ታውቃለች።" የባጃጁ ሹፌርም ሳቀ፤ መሪጌታው ማን እንደሆኑ አሁን ነው የገባው።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። እማዬን ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት። ብትነግረኝ መላ አላጣለትም ነበር። መልስ ከመስጠቷ በፊት የጋቢውን ጫፍ አስተካከለች፤ ፊቷን ወደ ቅርጫቱ እንዳደረገች ነው የመለሰችልኝ።

"አንች ስትሄጅ ቤቱ ጭር ይልብኛል። የሚንጫጫ ነገር ይኑርልኝ ብየ ነው። ይህን ነግሬሽ ደግሞ መንገድሽን ላሰናክል?"

ሳቁ ቆመ። አኩርፌባት የነበርኩት እኔ ነኝ። አትሂጂ አላለችኝም ብዬ። ለካ ያን ሁሉ ቀን ጓዳ ገብታ በምትኬ ጫጩት ስታስፈለፍል ኖራለች። አንገቷ ሥር ገብቼ እንደ ልጅነቴ ተሸሸግኩባት፤ እሷም በእናት ቋንቋዋ፣ በአዊኛ፣ አንድ ነገር አንሾካሾከችልኝ፤ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

"ቢጫ" አለ እንየው ከኋላችን።

ዞርን። ቢጫ ሆናለች። ሁላችንም ወደ ጎታው ተጠጋን። ቅርጫቱ ውስጥ ቀርቀር የሚል ድምፅ ነበር፤ እማዬ ጋቢውን ትንሽ ገለጥ አደረገች። አንዱ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ ዓይኑ ያልተገለጠ ነገር ጭዱ ላይ ተዘረጋ። ያን ያህል አስቀያሚ ነገር አይቼ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። እማዬ እልል አለች። ውጪ የቀሩት ፈረሰኞች ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በፉከራ መለሱላት። ቀና ስል ነጥቤ አረንጓዴ ናት።

ቪዲዮዎቹ አንድም አልጠፋ። የትናንቱ ሠርግም ተገልብጦ አልቋል።

አቶ ስማቸው ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ቆመው መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ማሳያ የሚባለውን ነገር፣ እንየው ጆሮዬ ሥር ያለኝን ነገር፣ ሰምተውት ኖሯል። "ተጭነሽው ቢሆን ኖሮ በመጣሁበት ሚኒባስ እመለስ ነበር" አሉኝ። "ዳንግላ መቼ ትመጫለሽ? ጫግኒም ይቀጥላል፤ እዚያ ደግሞ ሙቀቱ እንደዚህ አይምርም።" ቀጥለው አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ። ክቧን ነጥብ አልፈልጋትም፣ ጫጩት አድርጊልኝ አሉ።

አደረግኩላቸው። ዛሬ ፕሮግራሜን በሚጠቀሙ ሰዎች ስክሪን ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ የጣት ጥፍር የማታክል ጫጩት ቆማለች። ደህና ሲሆን አረንጓዴ ናት፣ ሲከፋ ትቀላለች። ኮስተር ያለ አንድ ደንበኛ ለሰርቨር ጫጩት ምን አገባት ብሎ በስልክ ጠይቆኝ ነበር። ታሪኩ ረዥም ነው አልኩት። እንግዲህ ይኸው።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ብዙ ፍልስፍና የለኝም። አንድ ነገር ግን ተለውጦብኛል። በፊት የሠራሁት ነገር ያልጠበቅኩትን ሲነግረኝ መጀመሪያ የማርመው እሱን ነበር። አሁን መጀመሪያ ተነስቼ ሄጄ አያለሁ። ሰውም ላይ እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ዝም ሲላችሁ አልወደደኝም ከማለታችሁ በፊት ጓዳው ውስጥ ምን እያሞቀ እንደሆነ እዩ። እኔ በራፉ ላይ ስመላለስ ሰንብቼ ነው ያላየሁት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጫጩቶቹ ተራ በተራ ወጡ። ቅርጫቱ ጠበባቸው። መሪጌታ አናት ላይም ከዚህ በላይ ሊኖሩ አይችሉም። እማዬ የሚሆን ዕቃ ፍለጋ ቤቱን ዞረች፤ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበበ፣ ሌላው ብርድ ያስገባል። እኔ መኝታዬ ገባሁና ከአልጋዬ ሥር ሻንጣዬን ጎትቼ አወጣሁት። ልብሴን አራግፌ፣ ጭድ ነስንሼ፣ ሹራቤን አንጥፌ ፊቷ አስቀመጥኩላት። ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እየሳመች አስገባቻቸው።

እነዚያ ጫጩቶች ዛሬ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች ናቸው። ሻንጣዬን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።